የደጀ ሰላሙ ሣቅ፦ ከበየዳ ሰንበቴ እስከ ዲብሊ መንደር

ታሪካችን ሲጻፍ የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ ሕዝብ ያለቀሰበት ቀን ነው። ጦርነቱ፣ ረኃቡ፣ ዘውድ የተጫነበትና ዘውድ የወደቀበት ዕለት በየዓመተ ምሕረቱ ተሰድሮ ይገኛል። ሕዝብ የሣቀበት ቀን ግን ዓመተ ምሕረት የለውም። የጥንቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሣቅን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር፤ የዘመናችንም ተመራማሪ በሰነድ ካላገኘው ያልፈዋል። ሆኖም አንድ ኅብረተሰብ በምን እንደሚሥቅ፣ በማን ላይ እንደሚሥቅ፣ ከሣቀም በኋላ ከተሣቀበት ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ካላወቅን፣ የዚያን ኅብረተሰብ ግማሽ ገጽታ አላወቅንም ለማለት እንደፍራለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ግማሽ ገጽታ አንዲቱን ጥግ፣ ማለት የገጠር ደብርን ሣቅ፣ መመርመር ነው። ምርመራውንም ከቅርብ ጀምረን ወደ ሩቅ፣ ከሩቅም ተመልሰን ወደ ቅርብ እንወስደዋለን።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ያቋረጠ፣ ጨነቅን አልፎ የቧሂትን በር የተሻገረ፣ ቁልቁል ወርዶም እንደገና ሽቅብ የወጣ መንገደኛ በመጨረሻ በየዳ ይደርሳል። የአገራችን የተራሮች ቁንጮ የሆነው፣ ከፍታው ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀን የሚገኘው በዚህ ወረዳ ነው። አገሩ የውርጭና የገብስ፣ የበግና የጭጋግ አገር ነው። መንደር ከመንደር በገደልና በሸለቆ ይራራቃል። ሰው ከሰው በብዛት የሚገናኘው በሁለት ቦታ ነው፤ በገበያና በቤተ ክርስቲያን። ገበያ ሻጭንና ገዥን ያገናኛል፤ ጉዳያቸው ሲያልቅ ይለያያሉ። ደብሩ ግን ከክርስትና እስከ ተዝካር የማይለያዩ ሰዎችን ያገናኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቃል ትውፊት ለማሰባሰብ ወደዚያው በወጣሁ ጊዜ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ደብር ደጀ ሰላም ከቅዳሴ በኋላ ለሰንበቴ ተቀምጬ ነበር። የተረኛው ዳቦ ተቆርሶ፣ የገብሱ ጠላ ተቀድቶ፣ ቄሰ ገበዙ ባርከው ሁሉም እንደየማዕርጉ ቦታውን ይዟል። ከሽማግሌዎቹ መካከል በአንድ የእርሻ ድንበር ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የዕድሜም የማዕርግም እኩዮች ስለሆኑ ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ የላቸውም። አንደኛው ዋንጫውን ለጎረቤቱ እያቀበለ፣ «አንተ እንኳንስ በቁሜ፣ ብሞትም ለቀብሬ አትመጣም» አለው። ያኛው ዋንጫውን ተቀብሎ ጥቂት ከተጎነጨ በኋላ፣ «እንዴታ! እመጣለሁ እንጂ። እዚያም ድንበር እንዳትገፋ ማን ያይልኛል?» ሲል መለሰለት። ደጀ ሰላሙ በሣቅ ተናወጠ። ከሁሉ አስቀድሞ የሣቀው ደግሞ «ሟቹ» ነበር።

ነገሩ ተራ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በዚያች ቅጽበት የሆነውን ልብ እንበል። ክሱ አልተነሣም፤ ይቅርታም አልተጠየቀም። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጥቢያ እንደተወለዱና በአንድ አጥቢያ እንደሚቀበሩ፣ የአንዱም ቀባሪ ዛሬ የሚካሰሰው ባላጋራው እንደሆነ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተነገረ። ዳኛ ያልፈታውን ጠብ ሣቅ ፈታው አንልም፤ ሳይፈታም አብሮ ለመኖር እንዲቻል አደረገው እንጂ።

ይህ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ሣቅ ከዚያ ቀን በፊት ያውቀው ነበር። ያወቀው ግን በአማርኛ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ በመንደር ቤተ ክርስቲያንና በአጥቢያ ሸንጎ ዙሪያ በተሠሩ ተከታታይ ድራማዎች ነበር። ስለዚህም፣ «የእነርሱ የአጥቢያ ሣቅ በዓለም ዙሪያ ሲታይ የእኛው ለምን ከደጀ ሰላሙ አልወጣም?» የሚለው ጥያቄ በዚያው ሰንበቴ ላይ ተወለደ።

የእንግሊዞቹ አጥቢያ

እንግሊዞች በመንደር ቄስ መሣቅ የጀመሩት ቴሌቪዥን ሲፈጠር አይደለም። ኦሊቨር ጎልድስሚዝ የዌክፊልዱን ቄስ ታሪክ በ1766 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ጄን ኦስተን በ1813 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ታላቅ ልብ ወለዷ፣ ለባለርስቷ እመቤት ማጎብደድ ከጸሎት ይልቅ የሚቀናውን ሚስተር ኮሊንስን ቀርጻ አኑራለች። የፖስታ ቤት ሹም የነበረው አንቶኒ ትሮሎፕ ደግሞ ባርቸስተር የተባለች ምናባዊ የሀገረ ስብከት ከተማ ፈጥሮ፣ የጳጳሱንና የሊቀ ዲያቆኑን፣ የጡረታ ቤቱን አለቃና የመንደሩን ባላባት ሽኩቻ በስድስት ልብ ወለዶች ተረከ። የመጀመሪያው «ዘ ዋርደን» የወጣው በ1855 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ዓመት እናስተውለው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም.፣ ከበየዳ አጎራባች በሆነው በጃናሞራ፣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤን ድል ያደረጉት ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። የእንግሊዙ ጸሐፊ የአንድ ደብር ሰዎች ስለ ጥቂት ገንዘብ የሚያደርጉትን ጭቅጭቅ ሲጽፍ፣ በእኛ በኩል አንዲት የሰሜን ደብር የአገር ታሪክ ሲገለበጥ አየች። ስለ ቅባቱ ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም የሚገባ ነበር። ነገር ግን ነጋሢው ሠራዊቱን አስከትሎ ከሄደ በኋላ፣ በማግሥቱ እሑድ የደረስጌ ካህናትና ምእመናን በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ስለዚያ ሁሉ ግርግር ምን እንደተባባሉ፣ በምንስ እንደሣቁ የጻፈልን የለም። የሁለቱ ሥነ ጽሑፎች መንገድ የተለያየው ከዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እነርሱ የደብሩን ተራ ቀን ጻፉ፤ እኛ ታላቁን ቀን ብቻ።

ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ የእንግሊዝ ደራስያን ይህን ውርስ ተዘጋጅቶ አገኙት። ቢቢሲ በ1966 እ.ኤ.አ. በአንድ ካቴድራል ጳጳስና ባልደረቦቹ ላይ የሚያሥቅ ድራማ ማሳየት ጀመረ። በጂሚ ፔሪና በዴቪድ ክሮፍት ተደርሶ ከ1968 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የቀረበው «ዳድስ አርሚ» ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለዘመቻ የማይበቁ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች አገር ለመጠበቅ ሲሰለጥኑ ያሳያል። የሚሰለጥኑት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለሆነ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሻምበላቸው ከሂትለር ጋር ከሚያደርገው ጦርነት ይልቅ አዳራሹን በሚመለከት ከቄሱና ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ጋር የሚያደርገው ጦርነት ይበረታበታል። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። የዓለም ታሪክ በሚናወጥበት ጊዜም ቢሆን ሰው የሚኖረው በአጥቢያው ውስጥ መሆኑን የሚያስረዳ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የታወቀው በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ዘ ቪካር ኦቭ ዲብሊ» ነው። ደራሲዎቹ ሪቻርድ ከርቲስና ፖል ሜይሂው-አርቸር ሲሆኑ፣ መሪዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ዶውን ፍሬንች ናት። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ለቅስና የሾመችው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነበር። አገር በጉዳዩ ላይ ተከፋፍሎ ሲከራከር፣ ድራማው ክርክሩን ከጉባኤ አዳራሽ አውጥቶ ወደ አንዲት ትንሽ መንደር አወረደው። ሽማግሌው ቄስ ሲሞቱ የዲብሊ ሰዎች አዲስ ቄስ ይጠብቃሉ፤ በዝናብ መካከል በሩን አንኳኩታ የገባችው ግን ሴት ናት። የአጥቢያው ሸንጎ ሰብሳቢ የሆነው ባለጸጋ ባለርስት ይቆጣል፤ ሊያስነሣት ይሞክራል። ሌሎቹ የሸንጎ አባላት እያንዳንዳቸው አንዳንድ አመል አላቸው። አንዱ ነገር ማሳጠር አይችልም፤ ሌላው «አዎን» ለማለት ብዙ ጊዜ «የለም» ማለት አለበት፤ አንዲቱ አሮጊት የምትጋግረው ኬክ ማንም የማይደፍረው ነው። መንደሩ ቀስ በቀስ ቄሲቱን ይቀበላታል። የተቀበላትም በክርክር ተረትታ ወይም ረትታ ሳይሆን፣ አብራ ስለሣቀች፣ በእርሷም ላይ ስለተሣቀ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ የአገሩን ምርጥ ኮሜዲ በሕዝብ ድምፅ ባስመረጠ ጊዜ ይህ ድራማ ሦስተኛ፣ «ዳድስ አርሚ» አራተኛ ወጥተዋል።

የመስሕቡ ምሥጢር

እንዲህ ያለ ድራማ ይህን ያህል የሚወደደው ለምንድን ነው? በእኛ ግምት ምክንያቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የመድረኩ ጠባብነት ነው። ጸሐፌ ተውኔት እንደሚያውቀው፣ ሰዎች ተጣልተው ወደየፊናቸው መሄድ የሚችሉበት ቦታ ለኮሜዲ አይመችም። አጥቢያ ግን መውጫ የሌለው መድረክ ነው። ባለጸጋውና ድኻው፣ የተማረውና መሃይሙ፣ ጻድቁና ሰካራሙ በየሳምንቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። ማንም ማንንም አልመረጠም፤ ማንም ማንንም ማባረር አይችልም።

ሁለተኛው የማዕርግ መዛባት ነው። በአጥቢያ ውስጥ ሁሉም ሰው ትንሽም ብትሆን ሹመት አለው። የሹመቱ ትንሽነትና የሹሙ ኩራት ትልቅነት ሲገናኙ ሣቅ ይወለዳል። በእንግሊዝ አገር የአጥቢያ ሸንጎ ከቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ተለይቶ በሕዝብ የሚመረጥ አካል የሆነው በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። የሸንጎው ሥልጣን ከመንገድ መብራትና ከመቃብር ቦታ ብዙም አያልፍም። ከዲብሊ ሸንጎ አባላት አኳኋን ግን የመንግሥት ምክር ቤት የተሰበሰበ ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያት ትዝታ ነው። በእንግሊዝ በ1851 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ከሕዝቡ ግማሽ የሚበልጠው የከተማ ነዋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ እንግሊዛዊው ተመልካች በቴሌቪዥን መስኮት የሚያየው መንደር ቅድመ አያቶቹ ትተውት የሄዱት መንደር ነው። ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትዝታ ይዋሻል። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ሣሩ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ከመሬቱ የተፈናቀለው ገበሬ፣ በቀን ሙያ ያረጀው የእርሻ ሠራተኛ ብዙም አይታይም። ባለርስቱም ክፉ ሰው አይደለም፤ ግትር ሰው ብቻ ነው። የመደብ ልዩነት በሣቅ ተሸፍኖ ያልፋል። የመንደሩንም ሰው ጅል አድርጎ የመሣል ዝንባሌ የለም አይባልም። ይህን ጉድለት አይተን ሳናልፍ ግን አንድ ቁም ነገር እንቀበላለን፤ ሣቁ ከውስጥ ነው። የሚሣቅበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፤ ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲሞት ይለቀስለታል።

የእኛው ደብር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ለአጥቢያ ኮሜዲ የሚያስፈልገው ሁሉ በእኛ ደብር ሞልቶ ተርፏል። አለቃው ያስተዳድራል፤ ቄሰ ገበዙ ንዋየ ቅድሳቱን ይጠብቃል፤ መሪጌታው ማኅሌቱን ይመራል። ዲያቆኑ በእንቅልፍና በቅዳሴ መካከል ይንገላታል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ከመንደሩ ውሾች ጋር ይዋጋል። የጽዋው ማኅበር ሙሴ ተረኛው ድግሱን እንዳይረሳ ያስጠነቅቃል፤ ተረኛው ደግሞ የረሳ ለመምሰል ይጥራል። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧል። ይህን ጉባኤ ቆርቆሮው ስለሚለወጥበት ጉዳይ ሲነጋገር ያዳመጠ ሰው ዲብሊን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ መካከል ለኮሜዲ የተፈጠረው ደብተራው ነው። ደብተራ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ክህነት ግን የለውም። በመቅደሱና በመንደሩ መካከል፣ በሥርዓቱና በጨዋታው መካከል ይኖራል። ሀብቱ አንደበቱ ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅን ለይቶ የተማረ ሰው አንዱን ነገር ሲናገር ሌላውን መናገር ልማዱ ይሆናል። ባላባትን ፊት ለፊት መንቀፍ በሚያስቀጣበት ዘመን፣ እያመሰገኑ መንቀፍ የሚቻልበትን መንገድ ያበጀው ይህ ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ የአጥቢያ ኮሜዲያችን ጸሐፊ አጣ እንጂ ተናጋሪ አላጣም።

ለዚህ ትልቁ ምስክር የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ሁላችንም እንሥቃለን። አህያውን እየነዳ የመጣውን ባላገር ለብቻው መሆኑን እያዩ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ሰላምታውን ለሁለት እንዳካፈሉት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። በዚህች ቀልድ ውስጥ አህያ የሚባል ቃል የለም፤ ስድብም የለም፤ ያለው የብዙ ቁጥር ሰዋስው ብቻ ነው። ባላገሩም ነገሩ የሚገባው ጥቂት ርምጃ ከሄደ በኋላ ነው። ይህ የቅኔ ቤት ቀልድ ነው።

ይሁን እንጂ አለቃን በቀልዳቸው ብቻ ማወቃችን በደል ነው። ፎገራ ተወልደው በጎንደር ያስተማሩት እኒህ ሰው በአቋቋም ትምህርት ዘንድ አዲስ ሥርዓት ያመነጩ ሊቅ ናቸው። እንደሚተረከው የጣናን ማዕበል፣ ነፋስ የሚያወዛውዘውንም ደንገል ተመልክተው የዝማሜውን እንቅስቃሴ ቀመሩ። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ሥርዓት ሳይቀበሉት ሲቀሩ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በልጃቸውም ስም ተክሌ ተብሎ በደብረ ታቦር ጸንቶ እስከ ዛሬ ይዘመማል። የደብሩ ዋነኛ ቀልደኛ የደብሩ ዋነኛ ቁም ነገረኛ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሰው ዘንድ ሣቅና ማኅሌት የተጣሉ ነገሮች አልነበሩም። ያጣላናቸው እኛ ነን፤ ቀልዱን ለጠላ ቤት፣ ማኅሌቱን ለመቅደስ አካፍለን ሰውየውን ለሁለት ከፈልነው።

ከደጀ ሰላም ወደ መድረክ

ዘመናዊው ተውኔታችን ራሱ የተወለደው በኮሜዲ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» አራዊትን እያናገረ የጊዜውን አስተዳደር ስለነቀፈ ከመድረክ ታግዷል። የመጀመሪያው ትምህርት መራራ ነበር፤ ሣቅ ሹምን ያስፈራል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚታወቀው በአሳዛኝ ታሪኩ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን የደገፈው ምሰሶ የጎጃም ገጠር የአጥቢያ ሕይወት መሆኑን ልብ ይሏል። ሐዲስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያሳደጋቸው ሰው በመሆናቸው፣ የመነኩሴውን፣ የባላባቱንና የመሪጌታውን አነጋገር ከውስጥ ያውቁታል። ጉዱ ካሣን አብዷል የሚለው መንደር እርሱው ያሳደገው መንደር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከ ጊዜም አድማጭ ያለቀሰውን ያህል ሥቋል።

ደጀ ሰላሙንና ሎንዶንን በአንድ ሰውነት ያገናኙት ግን መንግሥቱ ለማ ናቸው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ልጅየው ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት እንግሊዝ አገር ሄደዋል። «ያላቻ ጋብቻ»ንና «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፉ የአውሮፓን የኮሜዲ አሠራር ወሰዱ፤ ቋንቋውን ግን ከአባታቸው ቤት አመጡት። በ«የአባቶች ጨዋታ» የአበውን ወግ በግጥም አኖሩ። «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» በተባለው ሥራቸው ደግሞ አባታቸው ያወጉትን እንዳለ፣ የአፍ ቃሉን ሳያደርቁ ለትውልድ አስተላለፉ። የቅኔ ቤትን ረኃብና ቀልድ፣ የመምህራንን ፉክክርና የሊቃውንትን ተረብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ መግቢያ አያገኝም። መንግሥቱ በር ከፈቱ፤ ብዙ ሰው ግን አልገባበትም።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ታሪክ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ቤተ ክርስቲያን የነበራት መሬት ተወረሰ፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ የቄሱም፣ የደብተራውም፣ የጭሰኛውም ኑሮ ከሥሩ ተለወጠ። ይህ ለኮሜዲ የሚሆን ታላቅ ጉዳይ ነበር። ትናንት ሲሶ ይሰበሰብለት የነበረ ሰው ዛሬ ከትናንት ጭሰኛው ጋር በአንድ ስብሰባ እጁን አውጥቶ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከስብሰባው በኋላም ሁለቱ በአንድ ሰንበቴ ሲገናኙ የሚባባሉትን ማንም ጸሐፌ ተውኔት ሊመኘው ይገባ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከቀረቡት የቅስቀሳ ተውኔቶች በብዙዎቹ ቄሱና ደብተራው የቆመ ሥርዓት ምልክት እንጂ ሰው አልነበሩም። አንዱ ሆዳም፣ አንዱ አስማተኛ ሆኖ ይገባል፤ ተመልካች ይሥቅበታል፤ ይወጣል። ግፍ አልነበረም አንልም፤ ነበር። የተጓደለው ግፉን የሠራውና ግፉ የተሠራበት ሰው በማግሥቱ እንዴት አብረው እንደኖሩ የሚያሳየው ክፍል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቴሌቪዥናችን ከተሜነት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቴክኒክ የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። መሣሪያው ከዚያ መጣ፤ የአጥቢያውን ሣቅ ወደ መስኮቱ የማውጣት ልማድ ግን አብሮ አልመጣም። እነ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በ1980ዎቹ ሕዝባችንን አሥቀዋል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። «ቤቶች»ን የመሰሉ ተከታታይ ድራማዎችም የከተማን ቤተሰብ ኑሮ በሣቅ አቅርበዋል። በጠቅላላው ግን በመድረክና በመስኮት የለመድነው ባላገር ከተማ ሲገባ የሚደናገር፣ በአነጋገሩና በአለባበሱ የሚሣቅበት እንግዳ ነው። ከመንደሩ ተነጥሎ ስለመጣ መልስ የሚሰጥለት ጎረቤት የለውም። ይህ ከውጭ የሚሣቅ ሣቅ ነው። በዲብሊ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከተሜዋ ወደ መንደር ትሄዳለች፤ የምትደናገረውም እርሷ ናት። በቅርብ ዓመታት በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው «እረኛዬ» የገጠርን ሰው በክብር ይዞ በመነሣቱ ብዙ ተመልካች ማግኘቱ፣ ሕዝቡ ራሱን በራሱ አገር ለማየት የተዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል። ቀሪው ደግሞ ሲሥቅ ማየት ነው።

የተላለፈልን ዕዳ

እንግዲህ ከላይ የጠቀስነውን የትዝታ ነገር ከራሳችን ጋር እናመዛዝነው። ለእንግሊዙ ተመልካች የመንደር አጥቢያ ያለፈ ዓለም ነው። ከሕዝባችን የሚበልጠው ክፍል ግን ዛሬም የሚኖረው በገጠር ነው። ስለዚህ የአጥቢያ ኮሜዲ ለእነርሱ የትዝታ ሥዕል ቢሆን ለእኛ መስተዋት ይሆናል። በመስተዋት ፊት ደግሞ መዋሸት ይከብዳል። የበየዳ ገበሬ ሣሩ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው ቢሉት አይቀበልም። ውርጩን፣ የመንገዱን ችግር፣ የድንበሩን ክስ ከነሣቁ ካላገኘ «ይህ እኔ አይደለሁም» ይላል። ከዚህ የተነሣ እኛ ዘንድ የሚጻፍ የአጥቢያ ኮሜዲ ከእንግሊዞቹ የበለጠ እውነተኛ የመሆን ግዴታም ዕድልም አለው።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ቁጥር እየሳሳ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ዳባት አካባቢ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ያ ሐዘን ይጻፋል፤ መጻፍም አለበት። ነገር ግን ከሰሜን ተራሮች ለሚመጣው ትውልድ የምናወርሰው የለቅሶ መዝገብ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሕዝብ ሐዘኑን በምን እንደቻለው ሳንነግረው እንቀራለን። ከቀብር በኋላ በዕዝን ቤት ተቀምጦ ሐዘንተኛውን በጨዋታ ፈገግ ለማሰኘት የሚጥር ጎረቤት ያላየ ማን ነው? ይህ ታሪክ ነው።

የገጠር መምህር ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የደብር ጨዋታ በቃሉ እንዳለ፣ የአካባቢውን አነጋገር ሳያርሙ፣ እንዲጽፉ ቢያደርግ በአንድ የትምህርት ዘመን ታላቅ መዝገብ ይሰበስባል። የባህል ሠራተኛው በየበዓሉ የሚቀርጸው እስክስታውን ብቻ ሳይሆን ከእስክስታው በኋላ የሚወራውንም ቢሆን ሥራው ሙሉ ይሆናል። ሕዝብ የሚያስተባብረውም ካድሬ ስብሰባ ሲበተን ወዲያው ባይሄድ፣ ሰዎቹ ስለ ስብሰባው ሲቀልዱ ቢያዳምጥ፣ በስብሰባው ያልተነገረውን ይሰማል። ጸሐፌ ተውኔቱ ደግሞ ከብዕሩ በፊት እግሩን ያንሣ፤ ዳቦው በሚቆረስበት ቦታ ይቀመጥ። በእርሱም ላይ ይሣቅበት። ያልተሣቀበት ሰው ከውስጥ ሊሥቅ አይችልም።

ከዚህ ላይ የአማኙ ስጋት ይገባናል። ሣቅ ቅዱሱን ይደፍራል የሚል ፍርሃት አለ። ከመንግሥቱም ከገብረ ሐናም የምንማረው ግን ሣቁ የሚያርፈው በሰው ላይ እንጂ በታቦቱ ላይ አለመሆኑን ነው። የሚያንቀላፋው ዲያቆን ያሥቃል፤ ቅዳሴው አያሥቅም። ተረኛነቱን የሚረሳው ማኅበርተኛ ያሥቃል፤ ጽዋው አያሥቅም። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ደብሩ ራሱ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ጠብቆም አኑሮታል።

የበየዳው ሽማግሌ ለጎረቤቱ የሰጠው መልስ ለእኛም ለጸሐፊዎቹ ይሆናል። ወደ ደጀ ሰላሙ እንምጣ፤ ከሕዝቡ ጋር እንቀመጥ፤ እንሣቅ። እዚያም ስንደርስ ድንበር እንዳንገፋ እንጠንቀቅ።